ዳማው ፈረስና ሰማያዊቷ ቮልስ

ጋሽ ፈንታ አካለ ወልድ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ሰው አልገጩም፣ አጥር አልነኩም፣ ዶሮ እንኳ አልደፈጠጡም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያላቸው ዋና ሥራ ሰማያዊቷን ቮልሳቸውን ማጠብና ስለ እርሷ ማውራት ሆኗል። ስለዚህ የከተማው መኪና ወዳጆች ተሰባስበው፣ በደብረ ኤልያስ መውጫ አስፋልት ለብሶ ገና ሥራ ባልጀመረው የመናኸሪያ ሜዳ ላይ እሁድ እንዲነዱ ሲፈቀድላቸው፣ ከሁሉ ቀድመው የተመዘገቡት እርሳቸው ነበሩ። ባጃጅ የለ፣ አህያ የለ፣ የትራፊክ ፊሽካ የለ፤ አንጀት እስኪርስ መንዳት ነው።

በተመዘገቡ በሳምንቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ጎማ ሊያስነፉ ወደ አንሙት ጎሚስታ ጎራ አሉ። እዚያም የብርጓልን አገኟት። የብርጓል የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ስትድህ ያውቋታል። አሁን ተምራ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ቅርንጫፍ ውስጥ ትሠራለች። የመኪናዋን ጎማ ሚስማር ወግቶባት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ፈንታ?» ብላ ብድግ አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ያቺን መኪና በእግርሽ ነው እንዴ የምትነጃት? ጎማዋ ሁሌ መሬት ነው።»

«ይሳቁብኝ እንጂ፣ እንኳን አገኘሁዎት። ቤትዎ ልመጣ ነበር» አለችና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ለእሁዱ ከተመዘገቡት አሥራ አንድ ሰዎች ዘጠኙ ፈርመዋል። የቀራችሁት እርስዎና ጋሽ መሳፍንት ናችሁ።»

ጋሽ ፈንታ ወረቀቱን በሩቁ አዩት። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«ምን ይላል?»

«ሜዳው ላይ መኪና ከመኪና ቢጋጭ፣ ማንም ይግጭ ማን፣ እያንዳንዱ የራሱን መኪና ጉዳት ራሱ ይችላል፤ ሌላውን አይጠይቅም ይላል። ያንን ጉዳት ደግሞ ለዚያች ቀን ብቻ የሚሸፍን ኢንሹራንስ የእኛ መሥሪያ ቤት ሊሰጥ ተስማምቷል። ተመልካች ቢጎዳ ወይም አጥሩ ቢፈርስ አዘጋጆቹ ለብቻው ገብተውለታል።»

«እኔ እኮ ኢንሹራንስ አለኝ። ያውልሽ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።»

«እሱ ሦስተኛ ወገን ነው፣ ጋሽ ፈንታ። መንገድ ላይ ሰው ቢጎዱ ወይም የሰው ንብረት ቢያበላሹ ለተጎጂው የሚሆን ነው። ለቮልስዎ አንዲት ፍሬቻ እንኳ አይገዛላትም። ጋሽ መሳፍንት ሙሉውን ገብተዋል፤ የእሳቸውም ቢሆን ለውድድርና ለፍጥነት ሙከራ እንደማይሠራ ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«እኛ መች ልንወዳደር ነው? ዙሪያውን ዞረን ዞረን ወደ ቤታችን ነው።»

«እኛ ውድድር አይደለም ብንል ምን ይጠቅመናል? ከፋዩ ድርጅት የት ነበራችሁ፣ ምንስ ስታደርጉ ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አስቀድሞ ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ነው።»

አንሙት ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀና አለ። «ይህ ምኑ ያስጨንቃል? ከተጋጩ መኪኖቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ዋናው መንገድ ላይ ማቆም። እዚህ ተጋጨን ማለት ነው በቃ።»

ጋሽ ፈንታ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንሙት፣ አርባ አንድ ዓመት ለትራፊክ ዋሽቼ አላውቅም። ዛሬ በስተርጅና ሌባ ልታደርገኝ ነው?»

«ኧረ ለጨዋታ ነው» አለ አንሙት። ለጨዋታ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃሉ።

እውነቱን ለመናገር ጋሽ ፈንታን ያስቸገራቸው የሕጉ ነገር አይደለም። ሕጉ ገብቷቸዋል። የከነከናቸው ሌላ ነው፤ እሱንም አልደበቁም።

«ስሚ የብርጓል። እኔና መሳፍንት አብረን ያደግን ሰዎች ነን። ለጨዋታ ወጥተን ወረቀት መፈራረም ትገጨኛለህ ብዬ ጠርጥሬሃለሁ ማለት ነው። ነውር ነው።»

«ጋሽ መሳፍንትም እንዳይፈርሙ ያደረጋቸው ይኸው ነው። ፈንታ ሳይፈርም እኔ ብፈርም ይታዘበኛል ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ልባቸው ግን መፈረም ይፈልጋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸውን ሳራን የሚድሩት በዚያች ኮሮላቸው አይደል? እርስዎን አፍረው እንጂ ያለ ዋስትና ሜዳ አይገቡም ነበር።»

ይህ ጋሽ ፈንታን ትንሽ ቆንጠጥ አደረጋቸው። ሽማግሌ ግን ሲቆነጠጥ ወደ ድሮው ዘመን ይሸሻል፤ እርሳቸውም ሸሹ።

«የእኛ አገር ደንብ ነበረው። ጉግስ ላይ የተመታ ካሳ አይጠይቅም። አባቴ በሮብ ገበያ አንቱ የተባለ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። አንድ ጥምቀት ጉግስ ሲጫወቱ የመሳፍንት አባት ደምለው የወረወሩት ዘንግ የፈረሱን ዓይን አጠፋው። አባቴ ምን አሉ? ምንም። ካሳ አልጠየቁ፣ ሽማግሌ አልላኩ፤ ፈረሳቸውን ስበው ቤታቸው ገቡ። ጨዋነት ማለት ያ ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ።»

የብርጓል ከልቧ ተደነቀች። «እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላማ ወዳጅነታቸው እንዴት ጠንክሮ ይሆን?»

ልጅቱ ወጥመድ ማጥመዷ አልነበረም፤ የመሰላትን ነው የጠየቀችው። ጋሽ ፈንታ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በጣታቸው ዓመት መቁጠር ጀመሩ። የአንሙት መንፊያ ሲያጓራ ቆይቶ ጠፋ።

«አሥራ አንድ ዓመት» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

«አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። የእህቴ ሰርግ ላይ ደምለው አልተጠሩም። የደምለው እናት ሲሞቱ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ቀብረው፣ ለቅሶ ቤት ሳይደርሱ ተመለሱ። እኔና መሳፍንት ጓደኝነታችንን ደብቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ኋላ ነበር የምንገናኘው። ፈረሱ በታወረ ጎኑ አጥር እየገጨ ሲገባ፣ አባቴ በየቀኑ እንደ አዲስ ይናደዱ ነበር። አንድ ቀን ግን ካሳ አላሉም።»

«በምን ታረቁ?» አለ አንሙት፣ ሥራውን ትቶ።

«ፈረሱ ሲሞት።»

ጋሽ ፈንታ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ በኩራት አውርተውታል! ሁልጊዜ የሚያቆሙት ግን ፈረሱ ተስቦ ቤቱ ሲገባ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሰው ሲናገሩት ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። እንደተናገሩት ለአባታቸውም ለደምለውም አዘኑ።

የብርጓል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ ፈንታ፣» አለች፣ «አባትዎ ደንቡን አክብረዋል፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ደንቡ ግን አትጠይቅ ብሎ አፋቸውን ያዘ እንጂ የፈረሱን ጉዳት አላቃለለላቸውም። ስለዚህ ጉዳቱን ሆዳቸው ውስጥ አስቀመጡት። ይህ ወረቀት የድሮውን ደንብ አልሻረም፤ እሱም አትጠያየቁ ነው የሚለው። የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ያልጠየቀው ሰው ጉዳቱን ታቅፎ እንዳይቀር ማድረጉ ነው። መጠርጠር አይደለም። ወዳጅን ከቂም መጠበቅ ነው።»

ጋሽ ፈንታ መነጽራቸውን አወጡ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ጣታቸውን እያስከተሉ አነበቡት።

«ሁሉንም ትከፍላላችሁ?»

«ሁሉንም አይደለም። የመጀመሪያዋን ጥቂት ድርሻ ባለመኪናው ይችላል፤ መጠኗም እዚህ ተጽፏል። ሆን ብሎ ለገጨና ጠጥቶ ለነዳም አንከፍልም።»

«ይህችኛዋን ወደድኳት» አሉና ወረቀቱን አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። «መሳፍንት፣ እኔ ፈርሜያለሁ። አንተም ፈርም።»

ከወዲያ በኩል የተሰማው ትንፋሽ አንሙት ድረስ ደረሰ። «ምነው ይህን ያህል ቀን አስጨነቅኸኝ» አለ መሳፍንት።

እሁድ ፀሐዩ ደመቅ ብሎ ወጣ፤ ሰውም ግልብጥ ብሎ መጣ። ሰማያዊቷ ቮልስ ሁለት ዙር በሥርዓት ዞረች። በሦስተኛው ላይ አንሙት ከአጥሩ ኋላ ቆሞ «ጋሽ ፈንታ! ጋሽ ፈንታ!» እያለ ሲያጨበጭብ ሰሙትና አንድ እጃቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡት። ወዮ ለዚያች ሰላምታ። ኩርባው ላይ መሳፍንት ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። ቮልሷ ሄዳ የኮሮላዋን የኋላ በር ግው አደረገችው።

ጋሽ ፈንታ ከመኪናቸው ወረዱ። መሳፍንትም ወርዶ፣ የጎደጎደው በር ላይ እጁን አሳርፎ ቆሞ ያየዋል። ሙሽራ የምትገባበት በር ነው። ጋሽ ፈንታ የጓደኛቸውን ፊት ሲያዩ አባታቸው ፈረሱን እየሳቡ ሲሄዱ ታዩአቸው።

መሳፍንት ቀና አለ። «አንተ ፈንታ፣ አርባ አንድ ዓመት ያጠራቀምካትን ለእኔ ነው ያወጣሃት?»

መጀመሪያ የሳቀው አንሙት ነው፤ ከዚያ ሜዳው በሙሉ። የብርጓል ፎቶ አነሣች፤ የሆነውን እንደሆነው ጻፈች፤ ሁለቱም ፈረሙ። ማን ነው ጥፋተኛው የሚል ክርክር አልተነሣም፤ ማንም ቢሆን የሚለወጥ ነገር የለማ። ሰባት ሰዓት ላይ ጋሽ ፈንታና መሳፍንት ከአንድ ትሪ ዶሮ ወጥ ይበሉ ነበር። አባቶቻቸው አሥራ አንድ ዓመት የፈጀባቸው ጉዳይ ለእነርሱ ምሳ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሁሉ ሳይመከር አይሄድም። «የተለጠፈችውን ወረቀት አትመን፤ ውልህን አንብብ» ይላሉ ጋሽ ፈንታ። «ከመንገድ ውጪ የምትነዳ ከሆነ ድርጅትህን ቀድመህ ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። ከወዳጅህ ጋር የምትጫወት ከሆነማ ከጨዋታው በፊት ተፈራረም። መኪናህ ይሠራልሃል፤ ወዳጅህም አብሮህ ይኖራል። እኔን ያየህ ተማር፤ አንዲት ጊዜ እጄን ባነሣ የሰው በር ገባሁ።» የመጨረሻዋን ሲናገሩ አይስቁም፤ ሰሚው ግን ይስቃል።

ሳራ ልትዳር ሁለት ቀን ሲቀራት መሳፍንት ጋሽ ፈንታ ቤት መጣ። በሩ ተሠርቷል፤ ቀለሙም ከድሮው ይበልጥ ያበራል። የኮሮላዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«ሙሽራዋን የምታመጣት አንተ ነህ።»

«መሳፍንት፣ ይህችን መኪና የገጨኋት እኮ እኔ ነኝ።»

«ከከተማው ሹፌር ሁሉ ዘንድሮ የሚጠነቀቀው አንተ ነህ። ይልቅ ሱፍህን አስተኩስ።»

ጋሽ ፈንታ ቁልፉን ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልደበቁትም። እሁድ ኮሮላዋ በአበባ ተሸፍና በአንሙት ሱቅ በኩል ስታልፍ፣ አንሙት መንገድ ዳር ወጥቶ «ጋሽ ፈንታ! ጋሽ ፈንታ!» እያለ አጨበጨበ። እርሳቸው አንገታቸውን በጥቂቱ ነቅነቅ አደረጉለት። ሁለት እጃቸውን ግን ከመሪው ላይ አላነሡም።