የስልኩን መዝገብ በሀገራቸው ሰዓት ያሠሩት ወይዘሮ ሥርጉት ዓምደ ሚካኤል

ወይዘሮ ሥርጉት ከአባታቸው ከመሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ሠረቀብርሃንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ወልደ ኢየሱስ በ1943 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ሥር ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ተከታትለው፣ በየካ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በካርድ ክፍል ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግለዋል፤ ካርዱ ጠፋ የተባለ በሽተኛ ሲመጣም መደርደሪያውን ሁሉ ሳያገላብጡ አይመልሱትም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ፍሥሐ በአምላክ ጋር ተጋብተው ታዴዎስንና ሐመልማልን አፍርተዋል።

በ2014 ዓ.ም. ወጣት ባለሙያዎች፣ አረጋውያን ሕመማቸውንና መድኃኒታቸውን በስልክ የሚመዘግቡበትን መተግበሪያ ይዘው ኮተቤ ወዳለው የዕድራችን አዳራሽ መጡ። መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነበርና፣ የስኳር ሕመምተኛዋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ነጅማ ከማለዲን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለማለት የተጻፈውን «8:00» አይተው የጠዋቱን መርፌ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ሲወጉ ሰንብተው፣ አንድ ቀን ራሳቸውን ስተው ወደቁ። በቀጣዩ ስብሰባ ከባለሙያዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌና ባልቴት ቴክኖሎጂ እንደማይሆንለት ሲያስረዳ፣ ወይዘሮ ሥርጉት ብድግ ብለው፣ «ያቃተን እኛ አይደለንም፤ ያቃተው የሠራችሁት ነው። ወይ ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ወይ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ» አሉ።

ባለሙያዎቹም ተቀመጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ከአረጋውያኑ ጋር እየሠሩ፣ ሰዓቱና ቀኑ በእኛው አቆጣጠር ሆነ፣ ፊደሉ ጎላ፣ ማንበብ ለማይችል በድምፅ የሚናገር ተጨመረለት። ልጆች የወላጆቻቸውን መዝገብ እንዳሻቸው ይክፈቱ የሚለውን ሐሳብ ግን ወይዘሮ ሥርጉት አሻፈረኝ ብለው፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ለማንም እንዳይከፈት አስደረጉ፤ ልጃቸው ታዴዎስ በዚህ ቅር ቢሰኝም ቃላቸውን አላጠፉለትም። ከሕመማቸው ያገገሙት ወይዘሮ ነጅማም ቀድመው ተመዝግበው፣ እስከ ወሰን ሰፈር ድረስ እየሄዱ እኩዮቻቸውን አስተማሩ።

ወይዘሮ ሥርጉት በ2017 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታምሞ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ፣ ሐኪሙ እሳቸውን ትቶ ለታዴዎስ ማስረዳት ቢጀምር፣ ስልካቸውን ከፍተው መዝገባቸውን አቀረቡለትና፣ «በሽታው የእኔ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አሉት። ሐኪሙም ወንበሩን ወደ እሳቸው አዞረ። ሁሉን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ በማሽን ደም ማጣራቱን አልፈልግም ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ልጆቻቸው ቢያለቅሱም ቃላቸውን አላጠፉም። ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ሥርጉት ሁለት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ዛሬ ከፊት ቆመው የሚያለቅሱላቸውን ወይዘሮ ነጅማን ትተውልናል። የማንንም ስም የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ማኅበር ይቀላቅልልን፤ እኛም እያለቀስን፣ አንገታችንን ግን ሳንደፋ እንሸኛቸዋለን።