በሸክላው ላይ የቀረች እጅ

ወጣቷ ወደ ሽማግሌው ሸክላ ሠሪ ቤት ጎራ ያለችው ዝናቡ እስኪያባራ ለመጠለል ነበር። ጨዋታ ጨዋታን አንስቶ የሕፃናት ሐኪም መሆኗን ሲሰሙ፣ ሽማግሌው ጭናቸው ላይ የተኛችውን የልጅ ልጃቸውን መዳፍ ገለጥ አድርገው አሳዩዋት። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ከዚያም የእጅ ምስል የታተመበት ጠፍጣፋ ሸክላ ከመደርደሪያው አወረዱ።

«ይህ የልጄ እጅ ነው። ጭቃው እርጥብ ሳለ በጨዋታ ያተመችው። በዚያው ዓመት ትንፋሽ እያጠራት ሞተችብኝ። መስመሩን እስቲ እይው፤ ቁርጥ ይህችኛዋ! ልጄ ተመልሳ መጣችልኝ እኮ!»

ሽማግሌው ያረጁት ያንን ሸክላ ሲዳብሱ ነው። የሕፃኗ አባት የሆነው ወንድ ልጃቸውና ምራታቸው ሕፃኗን እናስመርምር ባሉ ጊዜ፣ «ልጄን በሽተኛ አታድርጉብኝ» ብለው ቤቱን በአንድ እግሩ አቁመውት ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ናፍቆት ነው።

«አባቴ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ሐኪሟ። «ጡጦ ስትጠባ ያልባታል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ሸክላው መለሱ። ከዚያ በቀስታ፣ «ያልባታል። ያችኛዋም ያልባት ነበር» አሉ።

«እንዲህ ያለ መስመር ሙሉ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል፤ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ግን የመዳፍ መስመርና የጣት አሻራ የሚሠሩት በማህፀን ነው። ከዘር የሆነ እክል ካለ፣ አንዳንዴ እዚያ ላይ ምልክት ይተዋል። የዚህች ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ አንገቷም አልጠናም። ደሟ ይመርመር፤ ስትጠባ ያልባታልና ልቧም ይታይ።»

«መዳፍ ማየት የጠንቋይ ሥራ መስሎኝ!»

«ጠንቋይ መዳፍ አይቶ ይፈርዳል። እኛን ግን የት እንደምንፈልግ ነው የሚጠቁመን።»

«ልጄ ተመለሰች ብዬ ብጽናና ምን አለበት? እሱንም ልትነጥቂኝ ነው?»

«አባቴ» አለች እጃቸውን ይዛ፣ «የተመለሰችው ልጅዎ አይደለችም። ልጅዎን የወሰደው ነገር እንዳይሆን ነው የምፈራው።»

ዝናቡ ሲያባራ ሕፃኗን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ሐኪም ቤት አብረዋት የወጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው።

የደም ምርመራው እድገትን የሚያዘገየውን የዘር እክል፣ የልብ ምርመራው ልቧ ላይ ያለውን ቀዳዳ አሳየ። ቀዳዳው በጊዜ በቀዶ ሕክምና ተዘጋ። ወላጆቿም ዘግይታ እንደምትሄድ፣ ዘግይታ እንደምትናገር ቀድመው ስላወቁ፣ ከማዘን ይልቅ በትዕግሥት ማለማመድ ያዙ። ቀድሞ የማወቅ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ልጅቷ ሸክላውን አውርዳ እጇን በታተመችው እጅ ላይ ገጠመች። ጣቶቿ አልፈው ወጡ።

«አባባ፣ ጠበበኝ!»

ሽማግሌው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ይጥበብሽ የኔ እናት» አሉ፣ «ይጥበብሽ።»