ወረፋውን ትተው ልጃቸውን ለመዳር የተመለሱት የወይዘሮ ዴልፊና ፓስኩዋ ዜና ሕይወት

ክቡራን ካህናት፣ የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ሐዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከባሕር ማዶም የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ በፊታችን ያረፉት የወይዘሮ ዴልፊና ፓስኩዋ የሕይወት ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ በቅደም ተከተል ይነበባል። በቅደም ተከተል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህች ከተማ ስለ እርሳቸው ብዙ ነገር ከመካከሉ እየተጀመረ ሲወራ ስለኖረ፣ ቢያንስ ዛሬ ታሪካቸው ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይቆራረጥ እንዲሰማ የቤተሰቡ ፈቃድ ሆኗል።

ሁላችንም ናና ዴልፊና እያልን በአክብሮት የምንጠራቸው እኚህ እናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ማርሴሎ ካካዮሪንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባሲሊያ በዚሁ በፓሱኪን፣ ጨው በሚፈላበት የባሕር ዳር ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የባሕር ውኃ አፍልተው ጨው የሚያወጡ፣ እናታቸው ነጭ ሽንኩርት አምርተው ጉንጉኑን ገበያ የሚያወጡ ነበሩ። ናና ዴልፊና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ አጠናቀው፣ ላዋግ ከተማ የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎችን የደንብ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። አንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ሲሉ የቀሚሱ ጫፍ ዕጥፋት እንዲቀር ቢያዟቸው፣ “ልጅ ያድጋል ጌታዬ፤ የሚለቀቅ ጫፍ የሌለውን ቀሚስ ሌላ ሰው ይስፋልዎት” ብለው ጨርቁን እንደተጠቀለለ መልሰውላቸዋል። እኚህ ሰው እንዲህ ነበሩ፤ በኋላ የሠሩትንም ሥራ ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም።

በ1977 ዓ.ም. በላዋግና በቪጋን መካከል አውቶቡስ ይነዱ ከነበሩት ከአቶ ኢሲድሮ ፓስኩዋ ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ሴት ልጃቸውን ሮዌናንና ወንድ ልጃቸውን ኤድጋርን አፈሩ። አቶ ኢሲድሮ በ1993 ዓ.ም. በሕመም ሲለዩዋቸው ናና ዴልፊና ልጆቻቸውን በስፌት መኪናቸው አሳደጉ።

ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፕሩደንሲያ ቀደም ብለው ወደ ሃዋይ ተሻግረው፣ ግማሹ ነዋሪ የእኛው አገር ሰው በሆነባት በዋይፓሁ ይኖሩ ስለነበር፣ እህታቸውን ለመውሰድ ማመልከቻ ያስገቡት ሮዌና ገና በአንቀልባ ሳለች ነበር። እህት ለእህት የምታቀርበው ማመልከቻ ወረፋው እጅግ ረጅም በመሆኑ መልሱ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሃያ አንድ ዓመት ያለፈው ልጅ ከወላጁ ጋር አብሮ አይገባምና፣ በአንቀልባ ሳለች ወረፋ የተያዘላት ሮዌና ወረፋው ሲደርስ ዕድሜዋ አልፎ ተገኘ። ናና ዴልፊና “ካልወሰዷት እኔም አልሄድም” ብለው ነበር። ያስጨከነቻቸው ሮዌና ራሷ ናት። “ናናንግ፣ ሂጂ” አለቻቸው፤ እናቷን እንዲህ ነበር የምትጠራው። “ኤድጋር ይማር። እኔን እዚያ ሆነሽ ትስቢኛለሽ።”

ገና ሃያ አንድ ያልሞላውን ኤድጋርን ይዘው ዋይፓሁ በደረሱ በወሩ ለሮዌና ማመልከቻ አስገቡ። ቋሚ ነዋሪ የሆነች እናት ላላገባ ጎልማሳ ልጇ ማመልከት ትችላለች፤ ልጁ ባገባበት ቀን ግን ማመልከቻው ይሞታል። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ማወቅ የሚገባው፣ በዚያን ጊዜ ሮዌና እና ነጭ ሽንኩርት አምራቹ ክሪሳንቶ ታቢዮስ ተፈላልገው፣ ሽማግሌ መላክ ብቻ ቀርቷቸው እንደነበር ነው። ሽማግሌው ሳይላክ ቀረ። ክሪሳንቶ “እጠብቃለሁ” አለ፤ ጠበቀም። ከተማው “የወረፋ ሙሽራ” የሚል ስም አወጣለት። እናቱ ወይዘሮ ኦኖራታም ገበያ መካከል ቆመው፣ “የኔ ልጅ እጮኛ ነው ወይስ ዘበኛ? ሠርጉ መቼ ነው ስለው፣ ‘ወረፋው በዚህ ወር ትንሽ ተራምዷል’ ይለኛል! እኔ የምፈልገው የልጅ ልጅ ነው እንጂ የሚራመድ ወረፋ ነው?” ሲሉ የሰማቸው ብዙ ነው።

ናና ዴልፊና በዚህ መካከል በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ እያጠፉ፣ ጠዋት በአውቶቡስ ሄደው ማታ በአውቶቡስ እየተመለሱ ኤድጋርን የኤሌክትሪክ ሙያ አስተማሩ። ዜግነት የመጠየቂያ ጊዜያቸው ደርሶ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ እርሳቸው እምቢ በማለታቸው፣ ወይዘሮ ፕሩደንሲያ፣ “አንቺ፣ ሰው ሁሉ እየማለ አንቺ ብቻ ምን ሆነሽ ነው? ፈተናውን ፈርተሽ እንደሆነ አስጠናሻለሁ” ቢሏቸው፣ “ማናንግ፣ ፈተናውን አልፈራሁም” ሲሉ ለታላቅ እህታቸው መለሱ። “ከኛ አገር ለሚመጣ ያላገባ ልጅ የዜጎች ወረፋ ከነዋሪዎች ወረፋ ይልቅ ይዘገያል። ባንዲራ ይዤ ፎቶ ልነሳ ብዬ ልጄን ወደ ኋላ አልገፋትም።” ይህን ስሌት በትክክል ያወቁ ብዙ እናቶች በዚያ ከተማ አሉ። አገር ጠል ተብለው የታሙትም በዚሁ ነው።

ወረፋው ሊደርስ ተቃርቦ ሳለ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ስሕተት ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ አመልካች ሲበዛ የወረፋው ቀን በዓመታት ወደ ኋላ ይሳባል። ናና ዴልፊና ወሬውን የሰሙት አንሶላ እያጠፉ ሲሆን፣ አብረዋቸው የሚሠሩት እንደሚናገሩት፣ የያዙትን አንሶላ ጨርሰው አጥፈው፣ “ወደ ኋላ የሚሄድ ወረፋ የት አገር ታይቷል? ሰው ወደ ኋላ አያረጅም!” ብለው ነበር።

በዚያው ዓመት ልባቸው ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሮዌና እናቷን ለማስታመም ዋና ከተማችን ማኒላ ሄዳ ከአሜሪካ ኤምባሲ የጉብኝት ቪዛ ጠየቀች። የሆነውን ነገር በትዕግሥት አድምጡ፤ የዚህ ሁሉ ታሪክ መዞሪያ እርሱ ነውና። መስኮቱ ጀርባ የነበረው ሰው በትሕትና፣ “እናትሽ ለዘለቄታው ሊያስቀሩሽ አመልክተዋል። ትመለሻለሽ ብዬ እንዴት ልመን?” አላት። “እናቴ ደረቷ ተከፍቶ ተኝታለች” አለችው። “አዝናለሁ” አላት። ሕጉን አልጣሰም፤ ለመኖር ያመለከተ ሰው ለመጎብኘት ሲጠይቅ አይታመንም። እናት ልጇን ልታመጣበት ያስገባችው ማመልከቻ ልጇን ከአልጋዋ አጠገብ ከለከላት።

ወይዘሮ ፕሩደንሲያ ይህን በሆስፒታል ሲነግሯቸው ናና ዴልፊና አላለቀሱም። “እንግዲያው በሩን የዘጋው የኔ ማመልከቻ ከሆነ፣ እኔው እከፍተዋለሁ” አሉ። ስልክ አስደውለውም ልጃቸውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፦ “ወረፋውን ትፈልጊያለሽ ወይስ ሰውየውን?”

ዘጠኙ ዓመት የሮዌናም ነበርና ቀላል ጥያቄ አልነበረም። “ሁለቱንም ብዬሽ ነበር እኮ” አለች።

“ሁለቱንም ልሰጥሽ አልቻልኩም፤ ይኸው ሞክሬ አየሁት።”

“እንግዲያው ሰውየውን። ግን ስሚኝ ናናንግ፤ አንቺ በሌለሽበት አላገባም። በስልክ ስክሪን ላይ እናት አልፈልግም።”

“ማን በስክሪን እመጣለሁ አለሽ?” አሉ ናና ዴልፊና፤ ስልኩንም ዘጉት።

ምክር ያልሰጠ ዘመድ አልነበረም። ወይዘሮ ፕሩደንሲያ፣ “ሌላ ከተማ ያለ ቄስ ይባርካቸውና ዝም ይበሉ። መዝገቡ ማዘጋጃ ቤት ካልደረሰ ማን ያውቃል? ስንቱ እንዲህ አድርጎ እዚህ ገብቷል!” ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ አድርጎ ገብቷል፤ በኋላ ባሏን ወይም ሚስቱን ልውሰድ ሲል በገዛ ውሸቱ የተያዘውም ብዙ ነው። ናና ዴልፊና ግን መያዝን ፈርተው አይደለም እምቢ ያሉት። “ልጄ ቀኝ እጇን አንስታ ‘ባል የለኝም’ ልትል? ያን ሁሉ ዓመት የጠበቃትን ሰው በአንድ ቃል የለም ልታደርገው? ክሪሳንቶ ሰው ነው እንጂ የሚደበቅ ዕቃ አይደለም” አሉ። “እሺ፣ ዜጋ ሁኚና ያግቡ፤ ያን ጊዜ ማመልከቻው አይሞትም” ሲባሉም፣ “ያገቡ ልጆች ወረፋ ሃያ ዓመት ያልፋል፤ እኔ ስሞት ደግሞ ወረቀቱ አብሮኝ ይሞታል። በዚህ ልብ ሃያ ዓመት የሚሰጠኝ ሐኪም ካለ አምጡልኝ” ብለው ዘጉት።

ከሆስፒታል ወጥተው በእግራቸው ሲቆሙ ሆኖሉሉ ወደሚገኘው መሥሪያ ቤት ሄደው ግሪን ካርዳቸውን በገዛ እጃቸው መለሱ። ሄደው ቢመለሱስ የሚል ሰው እንዳይኖር፣ ልባቸውም በሁለት አገር መካከል መመላለስን አይችልምና፣ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ያዙ። ጉዳያቸውን የተቀበለው ወጣት በዚያ አገር ልማድ ታላላቆችን ሁሉ እንደሚጠራው፣ “አክስቴ፣ አስገድዶ ያመጣዎት ሰው አለ?” ብሎ ቢጠይቃቸው፣ “አለ፤ ልጄ ሠርግ አለባት” አሉት። ወጣቱ ስቆ ፈረመላቸው፤ አውሮፕላን ጣቢያም ኤድጋር ሻንጣቸውን ተሸክሞ እያለቀሰ ሸኛቸው።

በ2012 ዓ.ም. ፓሱኪን ሲደርሱ “ተባርራ መጣች” የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ነበር። ያወሩት ሰዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠው ይሆናል፤ ቤተሰቡ ቂም የለውም፤ ነገር ግን በአስከሬናቸው ፊት ይታረም፦ ማንም አላባረራቸውም። ዓሣ ገበያ ላይ አንዲት ሴት፣ “ናና ዴልፊና፣ ምነው? አሜሪካ መለሰችዎት?” ብትላቸው፣ “አይ የኔ ልጅ፣ እኔ ነኝ የመለስኳት” ብለው ዓሣቸውን መርጠው ሄደዋል።

ነጭ ሽንኩርቱ ተሰብስቦ ሲያበቃ ሠርጉ በዚህ መሠዊያ ፊት ተፈጸመ። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፉት እናቷ ናቸው፤ እጇን ይዘው ያስገቧትም፣ አባቷ በሕይወት ስላልነበሩ፣ እርሳቸው ናቸው። ቄሱ ጋብቻውን የሚቃወም ሰው እንዳለ ሲጠይቁ፣ ወይዘሮ ኦኖራታ ከኋላ ሆነው፣ “ተቃውሞ የለንም አባ፤ ቶሎ ይበሉ እንጂ ልጄ እየሸበተ ነው!” በማለታቸው ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተናወጠ። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያኑም በማዘጋጃ ቤቱም መዝገብ በዚያው ሳምንት ሰፈረ፤ እናቷ ካርዳቸውን ሲመልሱ የወደቀው የሮዌና ማመልከቻም በዚሁ ለዘለቄታው አበቃ።

ከዚያ በኋላ ናና ዴልፊና በልጃቸው ቤት ሰባት ዓመት ኖሩ። የስፌት መኪናቸውን አስጠግነው እንደገና ሰፉ፤ የልጅ ልጃቸውን ባሲሊያን አሳደጉ፤ ከወይዘሮ ኦኖራታ ጋር ማን የተሻለ የፒናክቤት አትክልት ወጥ ይሠራል በሚል የማያልቅ ክርክር ገጠሙ። ኤድጋር ዜጋ ሆኖ “ለሮዌና በወንድም ላመልክት?” ብሎ ሲጠይቃቸው፣ “እኔን አትጠይቀኝ፣ እሷን ጠይቃት። ከፈለገች አመልክት፤ ነገር ግን ወረፋ ላይ ማንም ሕይወቱን እንዳያንጠለጥል” አሉት። ሮዌናም “ተወው” አለችው።

ባለፈው ሳምንት የልባቸው ሕመም ተነሥቶባቸው፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በልጃቸው ቤት፣ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ከዋይፓሁ የመጡት ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ፕሩደንሲያ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ለአንባቢዋ፣ “ትክክል ነበረች ብለሽ እንዳታነቢ። እልኸኛ ነበረች ብለሽ አንብቢ” ብለው አዘዋል። ሁለቱም ተነብቧል።

ዘጠኝ ዓመት በከንቱ ባከነ የሚል ካለም መልሱ ይህ ነው፦ ናና ዴልፊና ዋይፓሁ ሆነው ሲጠብቁ፣ ወረፋውም እንደ ልማዱ ሲሸሽ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው ዛሬ አብሯቸው በተቀበረ ነበር፤ ሮዌናም ከዚህ ሆና፣ ሳታገባም ሳትሄድም፣ የእናቷን ቀብር በሰው ስልክ በተመለከተች ነበር።

ናና ዴልፊና ሴት ልጃቸውን ወይዘሮ ሮዌና ፓስኩዋ ታቢዮስን፣ በሕግና በቅዱስ ቁርባን ያገቧትን አማቻቸውን አቶ ክሪሳንቶ ታቢዮስን፣ ወንድ ልጃቸውን አቶ ኤድጋርን፣ የልጅ ልጃቸውን ባሲሊያን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ፕሩደንሲያን፣ እንዲሁም በእጃቸው የተሰፋውን ለብሶ ያደገውን የዚህች ከተማ ልጅ ሁሉ ትተው ሄደዋል። የሩቁን ቅርብ ያደረገ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከደጋጎች እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ጽናቱን ይስጥ። አሁን ሬሳው ይነሣል። ከራስጌ የምትይዘው ሮዌና ናት፤ እባካችሁ መንገድ ልቀቁላት።