የማግዳሌና ፔድሮ «አዎ»

የምስክር ስም፦ ዌንደል ታገርት
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የከተማ ፖሊስ ባልደረባ
አድራሻ፦ አላባማ፣ ሃርሎ ስፕሪንግስ ከተማ፣ ኦክ ጎዳና
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ማርች 13 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበሉት፦ ሌተናንት ዶሪስ ፔቲግሩ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ በተጠርጣሪ ማግዳሌና ፔድሮ ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ለፖሊስ ሥራ የሚሰጠውን የመካከለኛ ደረጃ ስፓኒሽ ትምህርት ጨርሻለሁ። የምንማረው ማክሰኞ ማክሰኞ በጣቢያው ምድር ቤት ነበር። አስተማሪያችን ቴክሳስ ተወልደው ያደጉት ሴኞራ ኢርማ ካንቱ ናቸው። ተጠርጣሪውንም፣ ተበዳዩንም፣ ምስክሩንም ሆነው የሚጫወቱልን እሳቸው ነበሩ። እኛ እንጠይቃለን፣ እሳቸው ይመልሳሉ። መልሳቸው ሲረዝም ግን ይጠፋብን ነበር። ስለዚህ አንድ ዘዴ አስተማሩን። «ልጆቼ፣ ሰውዬው ወሬ ከጀመረላችሁ አለቀላችሁ። በአዎ ወይም በአይደለም የሚያልቅ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ» አሉን። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ማለፍ ጀመርን።

ፈተናውን ሳልፍ ትንሽ የብረት ምልክት ደረቴ ላይ ተደረገልኝ። ስፓኒሽ ይናገራል ማለት ነው። ምልክቱ ላለው ሰው የስልክ አስተርጓሚ አይጠራለትም፤ የጣቢያው አሠራር ነው። ሳጅን ባክ ሌድቤተር በገባሁ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ሴኞር ታገርት መጡ፣ ባርኔጣ አውልቁ!» ይል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ተብያለሁ። እንዲጻፍልኝ ግን ጠይቄአለሁ።

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 21 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከዶሮ ማረጃው ፋብሪካ ጀርባ ባለው የተጎታች ቤቶች ሰፈር ሕፃን ተቃጠለ ተብሎ ከሳጅን ሌድቤተር ጋር ተላክን። አምቡላንሱ ቀድሞናል። የሁለት ዓመቱ ዲዬጎ ደረቱና ክንዱ በፈላ ውሃ ተልጦ በቃሬዛ ሲወጣ አየሁ። አያለቅስም ነበር። እናቱ ማግዳሌና ልትከተለው ስትል ሳጅኑ ክንዱን ዘርግቶ አገዳት። ቤት ውስጥ ትልቅ ድስት ተገልብጧል። ወለሉን በሙሉ የተቀቀለ በቆሎ ሸፍኖታል። ስራመድ እግሬ ስር ይፈርጥ ነበር። አሁንም ይፈርጣል።

ሳጅኑ «በል ሴኞር፣ ያንተ ተራ ነው» አለኝ።

ተናገርኩ። ስፓኒሹ ሳልደናቀፍ ወጣልኝ። አስቀድሜ መብቷን ነገርኳት።

«ገባዎት?»

«አዎ።»

«ከልጁ ጋር ብቻዎን ነበሩ?»

«አዎ።»

«ተናደው ነበር?»

«አዎ።»

«ውሃውን የደፉበት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ሆን ብለው?»

«አዎ።»

ድምፅዋ ትንሽ ነው። ዓይኗን ከደረቴ አላነሳችም። አዎ ባለች ቁጥር ራሷን ዝቅ ታደርግ ነበር። በዚያ ሰዓት ምን ተሰማህ ተብዬ ተጠይቄ፣ እፎይታ ነው ብያለሁ። ሁሉም መልስ ገብቶኛል። ልክ እንደ ምድር ቤቱ ነበር።

ሳጅኑ «እህ፣ አመነች?» አለኝ።

«አመነች» አልኩ። ካቴና አስገባንላት።

ሰኞ ፌብሩዋሪ 25 ቀን ጠዋት አንድሬስ ማቴዎ የተባለ የዶሮ ፋብሪካው ሠራተኛ፣ የማግዳሌና ጎረቤት፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ጣቢያ መጣ።

«ጌታው፣ እሷ እኮ ስፓኒሽ አታውቅም» አለኝ።

«አናግሬያታለሁ። ትመልስልኝ ነበር።»

«ምን አለች?»

«አዎ አለች።»

«ሌላስ?»

ሌላ ያለችውን ፈልጌ አጣሁ።

የማግዳሌና ቋንቋ ቃንጆባል መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በጓቲማላ ተራሮች የሚነገር ሲሆን ከስፓኒሽ ጋር አይዛመድም። አንድሬስ ሁለቱንም ይናገራል። «በእኛ መንደር ሽጉጥ የታጠቀ ሰው በስፓኒሽ ሲያናግርህ አዎ ትላለህ። ያስተዳደግ ነገር ነው። አያቴ በወታደሮቹ ዘመን አንድ ቀን አይደለም ብሎ ነበር» አለኝ። አያቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሑድ እስር ቤት ሄዶ በቋንቋቸው አነጋግሯታል። እንደነገረችው፣ ለቂጣ የቀቀለችውን በቆሎ ልታጠልል ድስቱን በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ወንፊት ለማምጣት ዞር አለች። ልጁ ጨርቁን ጎተተው። ይኸው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እስር ቤቱ ሄድኩ። የደንብ ልብስ ለብሼ ነበር። ሌላ ልብስ ለብሼ መሄድ ነበረብኝ እንዴ? ሳስበው አድራለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

«ስምዎ ኢሳቤል ነው?»

«አዎ።»

«ውጭ በረዶ እየጣለ ነው?» በመስኮቱ ፀሐይ ትገባ ነበር።

«አዎ።»

«እኔ ወንድምዎ ነኝ?»

«አዎ።» ራሷን ዝቅ አደረገች።

አይደለም የምትልበት ጥያቄ ፈለግኩ። አንድ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ልጅዎን ይጠሉታል ልላት አፌን ከፈትኩ። ፈራሁና ዘጋሁት።

ልወጣ ስነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችና «ዲዬጎ?» አለች። ከእሷ የሰማሁት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው። ቆዳ ሊቀየርለት እንደሆነ፣ እሷ ከተፈረደባት ለማያውቃት ቤተሰብ እንደሚሰጥ አውቅ ነበር። በስፓኒሽም መናገር እችላለሁ። ማን ይሰማዋል? «ደህና ነው» አልኩ። አጭር ስለሆነ።

ለሳጅኑ ነገርኩት። «ዌንደል፣ የደረት ካሜራህን ቅጂ ዐቃቤ ሕጉ ሰምቶታል። ስፓኒሽህ ግሩም ነው። አስተማሪህም መስክረውልሃል» አለኝ። ለሴኞራ ካንቱ ደወልኩ። «ልጄ፣ ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው ወይ ተባልኩ፤ ትክክል ናቸው። ስለ እሷ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ምልክቱን ነቅዬ የሳጅኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ሴኞር ሥልጣን ለቀቁ» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ምልክቱን መልሶ ኪሴ ውስጥ ከተተው። አሁንም እዚያው ነው።

ቀጠሮዋ የፊታችን ሰኞ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ከዚያ ቅጂ ሌላ ማስረጃ የለኝም ብሎኛል፤ ሌላ አያስፈልገኝምም ብሎኛል። ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው የቃንጆባል አስተርጓሚ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንድሬስ ጎረቤት ስለሆነ አይቻልም ተብሏል። ስለዚህ ያን ዕለት የሰጠችኝ መልስ እንደ መልስ እንዳይቆጠርባት እጠይቃለሁ። መጠየቅ እችል እንደሆነ አላውቅም።

ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናግሬአለሁ። ሌተናንት ፔቲግሩ የጻፉትን አንብበውልኝ ቃሌ መሆኑን አውቄአለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ብዕሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው ጠየቁኝ። የጠየቁኝና የመለስኩት እንዲጻፍ ፈልጌአለሁ።

«ወደህ ነው የተናገርከው?»

«አዎ።»

«የተነበበልህ ሁሉ ገብቶሃል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የምትጨምረው የለም?»

የምጨምረው ነበረኝ። ሌተናንቷ ሰዓታቸውን አዩ። ራሴን ዝቅ አደረግኩና አዎ አልኩ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዌንደል ታገርት
ቃሉን የተቀበሉት ሌተናንት ፊርማ፦ ዶሪስ ፔቲግሩ