ጣት ወይስ ስም

ደሴ፤ ዓርብ ጠዋት፤ የባንክ ሠራተኛዋ ረምላና እናቷ ወይዘሮ ከድጃ፣ ባንኩ የመለሰባቸውን የዋስትና ወረቀት ይዘው፣ ቀበሌው በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ።

ረምላ፦ እማ፣ ሰኞ ለታ ለምን በጣትሽ አልፈረምሽም?

ከድጃ፦ ተራችን ስንተኛ ነው?

ረምላ፦ ዘጠነኛ። ለምን አልፈረምሽም?

ከድጃ፦ ፈርሜያለሁ እንጂ! «ከድጃ ይመር» ብዬ፣ ከነአባቴ ስም። ከመስመሩ እንኳ አልወጣሁም።

ረምላ፦ እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።

ከድጃ፦ እስቲ የቤት ሥራዬን ላውጣ። ለማክሰኞ ነው። ስለ ቤተሰባችሁ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብላናለች መምህሯ።

ረምላ፦ እማ።

ከድጃ፦ እንጃ። ለምን እንደሆነ እንጃ። በቃ?

ረምላ፦ ለዋስትና ያስያዝሽው የቤታችን ካርታ ማኅደር ውስጥ ያለው አሻራሽ ነው። መታወቂያሽም ላይ አሻራ ነው። አንቺ ደግሞ ስምሽን ጽፈሽ ሰደድሽ። ባንኩ «ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ብሎ መለሰው።

ከድጃ፦ ስሜን እያየ ማን ናት ይላል እንዴ?

ረምላ፦ ለእነሱ አንቺ ማለት ጣትሽ ነሽ።

ከድጃ፦ ሁለት ዓመት ተምሬ?

ረምላ፦ ሁለት ዓመት ተምረሽ። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካላደረስኩ ባንኩ የሚያስተምረኝ የአዲስ አበባው የማስተርስ ቦታ ለተጠባባቂዋ ለሰዓዳ ይሰጣል።

ከድጃ፦ ያቺ ካንቺ ጎን መስኮት ላይ የምትቀመጠው? ጨዋ ልጅ ናት። ትማር፣ ምናለበት።

ረምላ፦ እማ!

ከድጃ፦ ምን አልኩ? እዚህ ደሴ የቅዳሜው አለልሽ አይደል? እሱም ፋይናንስ፣ እሱም ማስተርስ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

ረምላ፦ አንድ አይደሉም። የአዲስ አበባው የቀን ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መማር ብቻ ነው ሥራዬ። የደሴው የሂሳብ አያያዝ ይበዛበታል፤ እሱን ደግሞ በመጀመሪያ ዲግሪዬ ጨርሼዋለሁ።

ከድጃ፦ የአዲስ አበባው ምኑን ነው የሚያስተምረው?

ረምላ፦ ሰው ገንዘቡን ምን ላይ ቢያውለው እንደሚያዋጣው። የዛሬ አሥር ዓመት ምን ሊሆን እንደሚችል። ስጋቱ ምን ያህል እንደሆነ መለካት።

ከድጃ፦ የዛሬ አሥር ዓመት! ላም አለኝ በሰማይ በይኛ። ደግሞ ስጋት ይለካል እንዴ?

ረምላ፦ ይለካል።

ከድጃ፦ በምን?

ረምላ፦ በቀመር።

ከድጃ፦ እስቲ የኔን ለኪው።

ረምላ፦ እሱን ገና አልተማርኩም።

ከድጃ፦ ወለዱስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ወለድ ልትማሪ ነው?

ረምላ፦ ስለ ወለድ አልባ ባንክ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። የደሴው የለውም።

ከድጃ፦ እሱስ ደግ ነው። እሱን አልነገርሽኝም ነበር።

ረምላ፦ አልጠየቅሽኝም። ስለ ደሴው ብቻ ነው ስትጠይቂኝ የከረምሽው።

ከድጃ፦ የደሴው እኛ ማክሰኞና ቅዳሜ የምንማርበት ግቢ ነው የሚሰጠው። እናንተ ፎቁ ላይ፣ እኛ ምድር ቤት።

ረምላ፦ ማን ነገረሽ?

ከድጃ፦ ዘበኛውን ጠየቅኩት። መጠየቅ ክልክል ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ወጥተን አብረን እንገባለን ብዬ ነው። አንድ ምሳ ዕቃ ይበቃን ነበር።

ረምላ፦ ማስተርሴን ከእናቴ ጋር፣ በአንድ ምሳ ዕቃ።

ከድጃ፦ ሳቂ እንጂ።

ረምላ፦ ስቄያለሁ እኮ።

ከድጃ፦ አልሳቅሽም።

ረምላ፦ ሰኞ ለታ የቀበሌው ሰውዬ ምን አለሽ? እውነቱን።

ከድጃ፦ ቀለሙን ወደኔ ገፋ አደረገው። «እማማ፣ ማኅደሩ በጣት ነው፤ ይመልሱታል» አለኝ።

ረምላ፦ ነግሮሻል?

ከድጃ፦ ነግሮኛል።

ረምላ፦ እያወቅሽ ነዋ።

ከድጃ፦ እያወቅኩ ነው። ተቆጪ እንግዲህ።

ረምላ፦ አልተቆጣሁም።

ከድጃ፦ ምነው?

ረምላ፦ እንጃ። ኑሪ ከሄደ ወዲህ ቁጣ አይመጣልኝም። ወረቀቱን ሲመልሱብኝ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ደንበኛዬ ዞርኩ። ያለቀሰችልኝ ሰዓዳ ናት።

ከድጃ፦ እኔም ለትምህርቱ ስምሽ የወጣ ቀን እልል ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። እትዬ ዘምዘም ናት በአጥሩ በኩል እልል ያለችልኝ።

ረምላ፦ ሰምቼያታለሁ። አንቺ መስላኝ ነበር።

ከድጃ፦ ወንድምሽ ኑሪም እንዳንቺው ወረቀት ይዞ ነው የመጣው። «እማ፣ የትምህርት ቤት ነው፤ እዚህች ጋ ጣትሽን አሳርፊ» አለኝ። እጄ ሊጥ ነበር። ልታጠብ ብለው «ቸኩያለሁ» አለ። እሱም የሸሚዙን ጫፍ አርጥቦ ጣቴን ጠረገልኝ።

ረምላ፦ የፓስፖርት ነበር። አሥራ ስምንት ስላልሞላው የወላጅ ፈቃድ ጠይቀውት ነው።

ከድጃ፦ እኔ በምን አውቄ? ጅቡቲ ደረስኩ ካለኝ ሦስት ዓመት አለፈው። ሞተ አላሉኝ አላለቀስኩ፤ አለ አላሉኝ አልሳቅኩ። በዚህች ጣቴ ነው የሸኘሁት። ቅድም ለምን አልፈረምሽም ስትዪኝ እንጃ ያልኩሽ እሱን ነው።

ረምላ፦ ለሱ ነው ትምህርት ቤት የገባሽው?

ከድጃ፦ ሰፈርተኛው «በሃምሳ ዓመቷ ሀሁ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ሁለተኛ ያላነበብኩት ላይ አላሳርፍም ብዬ ነው።

ረምላ፦ ሰኞ ይሄን አንብበሽዋል?

ከድጃ፦ ስሜን የምጽፍበትን መስመር ብቻ ነው ያየሁት።

ረምላ፦ እንኪ። አሁን አንብቢው።

ከድጃ፦ ረጅም ነው እኮ።

ረምላ፦ አምስት ሰው ይቀረናል።

ከድጃ፦ «እኔ... ዋስ... የሆንኩት...» ምነው ፊደሉን እንዲህ አደቀቁት? ባንክ ወረቀት አነሰው? «ሠልጣኟ... ትምህርቷን... ስትጨርስ... ወደ... ነበረችበት... ቅርንጫፍ... ተመልሳ...» ረምላ፣ ተመልሳ ይላል።

ረምላ፦ ይላል።

ከድጃ፦ ትመለሻለሽ?

ረምላ፦ ወረቀቱ ይላል።

ከድጃ፦ ወረቀቱንማ አነበብኩት። አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።

ረምላ፦ እንጃ እማ። ኑሪ ዋሽቶሻል፤ እኔ አልደግምብሽም።

ከድጃ፦ ካላሳረፍኩስ?

ረምላ፦ ሰዓዳ ትሄዳለች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ካንቺ ጋር እሄዳለሁ።

ከድጃ፦ ይከፋሻል?

ረምላ፦ አይከፋኝም። ምንም አይለኝም። እማ፣ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንቺም ቤት ነሽ፣ እኔም ቤት ነኝ፤ ማታ ማታ ሁለታችንም የኑሪን ቦታ ትተን እንቀመጥና በልተን እንተኛለን። ሰኞ እንደዚያ፣ ማክሰኞ እንደዚያ።

ከድጃ፦ አዲስ አበባ ብትሄጂ ይለቅሻል?

ረምላ፦ አላውቅም። እዚህ ግን አልለቀቀኝም።

ከድጃ፦ ማን ነው የሚጣራው?

ረምላ፦ ተራችን ደርሷል።

ከድጃ፦ አንቺ እዚሁ ሁኚ። ደብተሬን ያዢልኝ፣ ብቻዬን ነው የምገባው።

ረምላ፦ ቶሎ ወጣሽ! ምን አልሽው?

ከድጃ፦ «ቀለሙን አምጣው» አልኩት። «እማማ፣ ሰኞ ብለንዎት ነበር እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። ይኸው፣ ጣቴን እይልኝ፤ ከሰል የነካሁ መስያለሁ።

ረምላ፦ ስምሽንስ?

ከድጃ፦ ከጎኑ ልጻፍ ብዬው ነበር፤ አያስፈልግም አለኝ። ማኅተሙን መታበት። እንኪ፣ ሩጪ።

ረምላ፦ ገና አራት ሰዓት ነው፤ እደርሳለሁ።

ከድጃ፦ እንግዲያ እርሳሴን አቀብዪኝ። የቤት ሥራዬን ልጨርስ።

ረምላ፦ እዚሁ?

ከድጃ፦ እዚሁ። ቀለሙ ደብተሬን እንዳያበላሽብኝ አንቺ ጫፉን ያዢልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ከየት ላምጣ ብዬ ስጨነቅ ከርሜ ነበር፤ አሁን ሞላልኝ።

ረምላ፦ አሳዪኝ... እማ! እኔ ገና አልሄድኩም እኮ።

ከድጃ፦ መኪናሽ ሰኞ አይደል?

ረምላ፦ ሰኞ ነው።

ከድጃ፦ መምህሯ የምታርመው ማክሰኞ ነው።

ረምላ፦ እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ።

ከድጃ፦ «ኑሪ ሄደ። ረምላ ሄደች። ከድጃ ቀረች።»