ከእርቁ የቀደመ አመክሮ

ነፍስ አጥፍቶ የታሰረው ወንድሜ በአመክሮ የተፈታ ዕለት፣ ከእሱ ይልቅ የተጨነቅኩት እኔ ነበርኩ። ከሟች ቤተሰብ ጋር ገና እርቅ አልወረደም። ሰው ሳያየን ኮላ ድባ እናታችን ቤት ላስገባው ብዬ አዘዞ ላይ ሚኒባስ አስቆምኩ። በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት የሟች እናት ተቀምጠዋል። ክንዱን ይዤ ወደ ኋላ ብጎትተው አልነቃነቅ አለኝ። ረዳቱ፣ «ምነው ቆማችሁ፣ ግቡ እንጂ» ይላል።

እሳቸው ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ። ወንድሜን ቀና ብለው ሳያዩት ወደ እኔ ዞረው፣ «ይዘኸው ሂድ፤ እናታችሁ በር በሩን እያየች ነው» አሉኝ። ገብቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜን ግን ረዳቱ እሳቸው የለቀቁት ወንበር ላይ ተቀመጥ ቢለው፣ ቢለው፣ እንቢ ብሎ እስከ ኮላ ድባ ድረስ አጎንብሶ ቆሞ ሄደ።