የዶን ኤሪቤርቶ ሞገድ

አውቶቡስን የሚያስወድደው ብረቱ ነው ወይስ ቅርጹ? ከጀርመን ተመልሼ የትውልድ ከተማዬ አምባቶ የገባሁ ሰሞን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። በተማርኩበት አገር አንድ ግዙፍ ማተሚያ የመኪናውን ጎን በአንድ ምት ያወጣዋል። ሻጋታው እጅግ ውድ ቢሆንም ወጪው ለመቶ ሺህ መኪና ይካፈላል። እኛ ከተማ ግን አንድ ጋራዥ በዓመት ሃያ አውቶቡስ ቢሠራ ነው። ታዲያ ትምህርቴ እዚህ ምን ይፈይዳል?

ሰኞ ገበያ ውስጥ ያፒንጋቾ የሚባለውን የድንች ጥብስ ስበላ አዛውንቱ የአውቶቡስ ቦዲ ሠሪ፣ ዶን ኤሪቤርቶ ቶአፓንታ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ብላ ብላ፣ ኢንጂነር! እኔ ጋራዤን ልዘጋ ነው» አሉኝ። «የአውቶቡስ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያቺ ታርሄሊያ፣ ‹ዋጋ ካልቀነስክ ከሌላ ከተማ እንገዛለን› አለችኝ።»

«አይቆጡኝና፣ ግቢዎ ውስጥ ጎኑ ተጨፍልቆ የቆመው አውቶቡስ ለምን ዘገየ?»

«ሞገዱን እየቀጠቀጥኩለት ነዋ!»

ሞገድ የሚሉት ከአውቶቡሱ ጫፍ እስከ ጫፍ በመዶሻ የሚያወጡትን ጥምዝ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው።

«ከሌላ አውቶቡስ ላሜራ ልክ ወስደው ቢሠሩትስ?»

«በእጅ የወጣ እኮ ነው፣ ልጄ! የግራው ራሱ ለቀኙ አይገጥምም» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት።

«የሚያስወድደው እንግዲህ ይኸው ነው» አልኳቸው። «ብረቱማ ያው ብረት ነው። መቀጥቀጡ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ እየሞሉ መደልደሉ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ መለካቱ ነው ገንዘቡን የሚጨርሰው። ጎኑን አንድ ልክ በሆኑ አጫጭር ላሜራዎች እንከፋፍለው። ጠርዛቸው በማጠፊያ ማሽንዎ ይታጠፍ፤ በሪቬት ይያዙ። የተጎዳችው ብቻ ወልቃ ትቀየራለች።»

«የብስኩት ቆርቆሮ ልታደርገው? አባቴ ቢነሳ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ግንባሩን አልነካብዎትም። ተሳፋሪ ጣቢያ ቆሞ የሚያየው ግንባሩን ነው፤ መዶሻዎ እዚያ ይዋል። የዚያ የተጨፈለቀው ባለቤት ስለ ሞገዱ ምን አለዎት?»

አቀረቀሩ። «‹ልጆቼ ሞገድ ይብሉ?› አለኝ፣ ባለጌው።» ሹካቸውን አስቀመጡ። «ግዙፍ ማተሚያ ግዛ ልትለኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር።»

«ለሃያ አውቶቡስ? ቤትዎን ያሸጥዎታል!»

ይህን ስናገር ለራሴም ጥያቄ መልስ አገኘሁ። ቅርጽ መመረጥ ያለበት በሚሠራው ብዛትና በእጅ ባለው መሣሪያ መጠን ነው፤ የጀርመኑም የአባታቸውም ልክ ለእኛ አይሆንም።

«እሺ፣ አንዱን እንሞክር» አሉ ዶን ኤሪቤርቶ። «ካስቀየመኝ ግን አንተን ነው የምቀጠቅጠው።»

በአንድ አዲስ አውቶቡስ ላይ ሞከርነው። የጎኑ ሥራ በሦስት ቀን አለቀ፤ ስቱኮው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ለመለዋወጫ የተሠራው ላሜራ ለግራም ለቀኝም ገጠመ። ከእንግዲህ የተጋጨ አውቶቡስ በዚያው ቀን ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ባለቤቱም እንጀራው አይቋረጥም። ዶን ኤሪቤርቶ ደግሞ ግንባሩን እንደ ልባቸው አሳምረው ቀጠቀጡት፤ እያፏጩ።

የአውቶቡሱን ፎቶና አዲሱን ዋጋ ለዶና ታርሄሊያ በስልኬ ላክሁላቸው።

«መለሰች?» ይሉኛል ሽማግሌው በየደቂቃው።

«ገና ነው።»

በማግስቱ ዶና ታርሄሊያ ባለአውቶቡሶቹን አስከትለው ግቢው ገቡ። ላሜራዋን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፤ አንዷን አስፈትተው መልሰው አስገጠሙ። «ኤሪቤርቶ፣ ስድስት ሥራልን፤ ግንባራቸው ግን ከዚህም ይመር» አሉ።

ለመልእክቴ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልላኩልኝም።